ቅልጥም ሲሰበር

እኛ የከተማ ልጆች ቅልጥምን የምናውቀው በሳህን ነው። መሸት ሲል፣ ብርዱ ሲጠና፣ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት፣ እንፋሎቱ መነጽራችንን እያደበዘዘ ይቀርብልናል። አጥንቱን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ኳ ኳ አድርገን መቅኔውን እናወርደዋለን። ከዚያ ሒሳብ እንከፍላለን፤ ወይም ማን ይክፈል ብለን እንጨቃጨቃለን። ከቅልጥም ጋር ያለን ትውውቅ ይኸው ነበር።

በየሱሪያችን ውስጥም ሁለት ሁለት ቅልጥም ይዘን እንደምንዞር ትዝ ያለን ከጎሬ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ሦስት ዓመት አለፈው። ወሩ ሰኔ ነው። የወዳጃችን አያት ጎሬ ላይ አርፈው፣ ለቅሶ ልንደርስ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ ተጉዘን ሄድን። ጎሬን ለማታውቋት፣ የድሮዋ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ናት። በ1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከአገር ሲወጡ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው መንግሥት ነኝ ያሉት እዚያ ተቀምጠው ነው። ኋላ ዋና ከተማነቱን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትርቃት ለመቱ አስረክባ እሷ ዝናቧን ይዛ ቀረች። ዝናቧ ደግሞ ዝናብ ነው! በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይወርድባታል።

ሠልስቱ እንዳለቀ ወዳጃችን የአክስቱን ልጅ ሞተር ተውሶ "መቱ እንገናኝ" ብሎን ቀደመ። እኛ አባዱላ ውስጥ ሆነን ከኋላ ተከተልነው። አንድ ኩርባ ላይ አስፋልቱ ላይ ጭቃ ወርዶበታል። ሞተሩ ወደ ግራ ሄደ፣ ወዳጃችን ወደ ቀኝ። እግሩ ግን ከሁለቱም ሳይሆን ቀረ።

ስንደርስ እንዲህ ነበር፦ ከጉልበቱ በታች፣ ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ እግሩ አዲስ መታጠፊያ አበጅቷል። ፊት ለፊት የሳንቲም ስፋት ያላት ቁስል አለች። ከቁስሏ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል።

ነጩ ነገር ቅልጥም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ምግብ አላዘዝንም።

* * *

በአገራችን አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ የሚደርሰው ጉባኤ ነው። አምቡላንስ ከመጠራቱ በፊት 30 ሰው ተሰብስቦ ውሳኔ ያሳልፋል። አንዱ ዓረቄ አፍስሱበት አለ። ሌላው ቅቤ ይፈለግ አለ። አንዲት እናት "እኔን፣ እኔን፣ የማን ልጅ ነው?" እያሉ ያለቅሳሉ። አብዛኛው ድምፅ ግን በአንድ ነገር ተስማማ፤ ወጌሻው ቅርብ ናቸው።

እኛ "ሆስፒታል!" ብለን ጮኸናል። ትምህርት ቤት የገባን ሰዎች ነና። ግን ዕውነቱን እንናገር፤ ሲጮህ የነበረው አፋችን ነው። ወዳጃችን በሥቃይ እየተንፈራገጠ እያየን፣ ሦስት ደቂቃ የሚርቅ ሰው እያለ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስለማናውቀው ራጅ መሟገት ከባድ ነው። ወደ ወጌሻው ወሰድነው።

አባባ ወጌሻ ሽማግሌ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ጋቢ፣ እጃቸው ላይ የዕድሜ ልክ ሥራ። ቁጭ ብለው አዩት። ሳይነኩት አዩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ኢጆሌ፣ እኔ የማየው የተደበቀ አጥንት ነው። ይሄ ሰማይ አይቷል። የእኔ አይደለም" አሉን።

አልተንቀሳቀስንም። ይሄን ቃል ከእሳቸው አልጠበቅንም ነበር።

ንጹሕ ነጠላ አስመጥተው ቁስሉን ሸፈኑት። ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ግራና ቀኝ አድርገው፣ ከእንጨቱና ከቆዳው መካከል ጨርቅ ጎዝጉዘው፣ ላላ አድርገው አሰሩት። ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ። ከዚያ ትልቋን የእግር ጣት ጫን አድርገው ለቀቋት፤ ነጣች፣ መልሳ ቀላች። "እያያችሁ ሂዱ። ከቀዘቀዘች ወይ ከጠቆረች ፍቱት" አሉን። ገንዘብ ስናወጣ እጃችንን መለሱት። "ገለቶማ" ብለን ተነሣን። ምን እንዳደረጉልን የገባን ግን በሁለተኛው ቀን ነው።

* * *

መቱ ገባን። በዚያች ከተማ ስለ ሕክምና ሲወራ አንድ የፊልም ተዋናይ ሳይነሣ አይቀርም። ካርልሃይንዝ ቡም ይባላል፤ ኦስትሪያዊ ነው። አውሮፓ የሚያውቀው "ሲሲ" በሚባሉት ፊልሞች ውስጥ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ ሲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 አንድ የጀርመን የቴሌቪዥን የውርርድ መዝናኛ ላይ ቀርቦ፣ "ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንዳንድ ማርክ አይሰጥም" ብሎ ተወራረደ። ውርርዱን አሸነፈ፤ ሲሶው አልሰጠም። የተሰበሰበው ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ነበር። እሱም በገንዘቡ "ሰዎች ለሰዎች" የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ኢሉባቦር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። የመቱ ካርል ሆስፒታል ስሙን የያዘው ከእሱ ነው። ሰውየው በ2014 እ.ኤ.አ. አርፏል። ንጉሥ ሆኖ የተወነ ሰው ከቪየና ቤተ መንግሥት ይልቅ መቱ ላይ ስሙ መቅረቱ ደስ ይለናል።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ምናልባት ከእኛ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። ራጅ እስኪነሣ አልጠበቀም። በደም ሥር አንቲባዮቲክ፣ የቲታነስ መርፌ፣ ከዚያ ውኃ። የምን ውኃ ማፍሰስ! ቁስሏን በጠርሙስ በጠርሙስ ጨው ውኃ አጠባት። አፈሩን፣ ሣሩን፣ የሱሪውን ክር አንድ በአንድ አወጣው።

"ብረት መቼ ይገባለታል?" አልነው።

"ብረቱ ይደርሳል። አሁን የሚያጣድፈን ጭቃው ነው" አለን።

ኋላ ስናነብ ነገሩ ገባን። የቅልጥም አጥንት ፊት ለፊቱ ሥጋ የለውም። እስቲ አሁን እጃችሁን ሰዳችሁ ዳብሱት፤ ቆዳ፣ ከዚያ አጥንት። ሥጋ የሌለው ቦታ ደም ያንሰዋል፤ ደም ያነሰው ቦታ ለመዳን ይዘገያል፣ ለመመርቀዝ ይፈጥናል። ለዚህ ነው ከረጃጅም አጥንቶች ሁሉ ክፍት ስብራት የሚበዛው እዚህ የሆነው። ቆዳው የተቀደደ ስብራት ላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተሰጠ አንቲባዮቲክና በደንብ የታጠበ ቁስል ኋላ ከሚገባው ብረት ዓይነት ያልተናነሰ ዕጣ ይወስናሉ።

ያን ሌሊት እግሩ በብረት ተያዘ። በቆዳው አልፈው አጥንቱ ውስጥ የተሰኩ አራት ዘንጎች፣ ከውጭ በአንድ ረጅም ብረት ተያይዘው። ከአልጋው ማዶ የተኛው ሰውም እግሩ ላይ ይኸው ብረት ነበር። የያዩ ገበሬ ነው፤ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ወድቆ ነው። ስብራቱ ከወዳጃችን ጋር አንድ ዓይነት፤ ያው ቅልጥም፣ ያው ቁስል፣ ያው ቀኝ እግር። የክፍሉ አስታማሚዎች ስም ሲያወጡ አይቸግራቸውም፤ "ሁለቱ አንቴናዎች" አሏቸው።

* * *

ሦስተኛው አልጋ ላይ አንድ ልጅ ነበር። 14 ዓመት ቢሆነው ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም።

አባቱ እንደነገሩን፣ ልጁ ኳስ ሲጫወት ወድቆ እግሩ ተሰነጠቀ። ቁስል የለውም፣ አጥንት አልወጣም። ሌላ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት። በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ሌሊቱን ልጁ ጮኸ። "አጥንቱ እየገጠመ ነው፣ ቻለው" ተባለ። በሁለተኛው ቀን ጣቶቹ ቀዘቀዙ። በሦስተኛው ቀን መጮኹን አቆመ፤ ቤተሰቡ ተሻለው ብሎ ደስ አለው። በአምስተኛው ቀን ሽታ መጣ።

የተሰበረ እግር ያብጣል። ያበጠ እግር ማሰሪያው ካልላላለት እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደም መግቢያ ያጣል። ጡንቻ ያለ ደም ከስድስት ሰዓት ብዙ አያልፍም። ሕመሙ የሚጠፋው ነርቩ ሲሞት ነው። ልጁን እግር ያሳጣው ማሰሪያው ነው፤ ስብራቱ እንኳ ከወዳጃችን ስብራት የቀለለ ነበር።

አባባ ወጌሻ ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ አድርገው ያሰሩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባን። "ከቀዘቀዘች ፍቱት" ያሉን ለምን እንደሆነም።

እዚህ ላይ አንዳንድ የከተማ ሰው "ወጌሻ ይከልከል!" ይላል። እኛም ያን ሌሊት ብለናል፤ ጧት ላይ ተውነው። ገጠር ውስጥ ወጌሻ የሚከለከለው ቦታውን የሚተካ ሰው ሲኖር ነው። ደግሞ የተሻለ መንገድ እንዳለ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታኒያ የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት፣ ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በእንዲህ ዓይነት እስር ምክንያት የሚቆረጥ እግርና እጅ እንደቀነሰ ጽፏል። የአንድ ቀን ሥልጠና! እኛ ለአንድ ቀን ስብሰባ አዳማ ወርደን ምሳ በልተን እንመለሳለን።

* * *

አሁን ወደ ብረቱ። በሳምንቱ ሐኪሙ መጥቶ "ቀጣዩን እንወስን" አለን። እኛ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስልካችን ላይ ስናነብ ከርመን ሊቅ ሆነናል። ያነበብነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ። የአጥንት ቀዶ ሕክምና ስናየው የአብነት ጋራዥ ነው፤ ትራፓኖ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻ አለው። (ጎሬ ለጣሊያን አልገዛም ያለ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ቃላቱ ግን በጋራዥ በኩል ዞረው ገቡ።)

ጄሶ። ይሄም የጣሊያን ቃል ነው፤ ለስብራት ያዋለው ግን ማታይሰን የሚባል የሆላንድ ጦር ሐኪም ነው፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.። ርካሽ ነው፤ ቆዳ አይቀደድም፤ ስለዚህ ተሕዋስ በቢላዋ በኩል አይገባም። ቁስል ለሌለው፣ ብዙ ላልተዛነፈ ስብራት እስከ ዛሬ የሚያኮራ ሕክምና ነው። ዕዳው ሌላ ነው፤ እብጠቱ ሲጎድል ጄሶው ይሰፋል፣ አጥንቱ ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ራጅ ይፈልጋል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚትም ለወራት ታስረው ይደርቃሉ።

የውጭ ብረት፣ ማለት አንቴናው። በዚህ ብረት ስሙ የገነነው ሳይቤሪያ ውስጥ ኩርጋን በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረው ኢሊዛሮቭ ነው። የእሱ ቀለበት ቀለበት ነው፣ የእኛዎቹ ቀጥ ያለ፤ ሐሳቡ ግን ዘመዳሞች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ። በ1964 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ባሸነፈበት፣ ቫለሪ ብሩሜል የሚባል ሩሲያዊ በከፍታ ዝላይ ወርቅ ወሰደ። በዓመቱ በሞተር አደጋ ቅልጥሙ ደቀቀ። ቀዶ ሕክምና በቀዶ ሕክምና ላይ ተደራረበበት፤ አልዳነም። በመጨረሻ ኩርጋን ሄዶ በኢሊዛሮቭ ብረት ተጠገነ፤ ዳግመኛም ከ2 ሜትር በላይ ዘለለ። ታሪኩን ለወዳጃችን ስናነብለት "እኔ መዝለል አልፈልግም፣ ሽንት ቤት ልሂድ" አለን። የውጭ ብረት ጥቅሙ የቆሰለውን ቦታ ሳይነካ ከላይና ከታች መያዙ ነው። ዕዳው፣ ዘንጎቹ የገቡባቸው ቀዳዳዎች በየቀኑ መታጠብ አለባቸው፤ ካልታጠቡ ይመረቅዛሉ፣ ይላላሉ። ሱሪ አይገባም። ወራት ይፈጃል።

ፕሌት። ጠፍጣፋ ብረት አጥንቱ ላይ ተለጥፎ በብሎን ይታሰራል። አጥንቱን ልክ እንደነበረ ለመግጠም የሚስተካከለው የለም፤ በተለይ ስብራቱ ወደ መገጣጠሚያ ሲጠጋ። ግን ቆዳው መከፈት አለበት፤ ቅልጥም ላይ ደግሞ ቆዳው ስስ ነው። የቆሸሸ ቁስል ላይ ፕሌት ማሰር የእሳት ጨዋታ ነው። ብዙ ጊዜም "ለሳምንታት አትርገጥ" የሚል ትእዛዝ ይከተለዋል።

ሚስማር። ከጉልበት በታች ቀዳዳ ተበጅቶ፣ ረጅም የብረት ዘንግ በመቅኔው ቦይ ውስጥ ለውስጥ ይወርዳል። አዎ፣ እኛ ኳ ኳ እያደረግን በምናወርደው በዚያው ቦይ! ጀርመናዊው ኩንቸር በ1939 እ.ኤ.አ. ኪል ከተማ ላይ ጀመረው። ጦርነቱ ሲያልቅ ከጀርመን ምርኮ የተመለሱ ወታደሮች ጭን ውስጥ ብረት በራጅ ሲታይ የአሜሪካ ሐኪሞች ዓይናቸውን ማመን አቅቷቸው ነበር ይባላል። የዛሬው ሚስማር ከላይና ከታች በብሎን ይቆለፋል። ሰውየው ቶሎ ይረግጣል፣ ሱሪው ይገባል፣ የሚታጠብ ነገር የለም። ዕዳው፣ ተሕዋስ ከገባ ከላይ እስከ ታች ነው የሚሄደው። ደግሞ የታችኛውን ብሎን ቀዳዳ አጥንት ውስጥ ሆኖ ለማግኘት ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና መሃል ራጅ የሚያሳይ ሲ አርም የሚባል ማሽን ይፈልጋል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? እኛም ይኼንኑ ነው ሐኪሙን ያፋጠጥነው። ጥናቶቹ እንደ እግር ኳስ ውጤት ቁርጥ ያለ ነገር አይሰጡም። ብሪታኒያ ውስጥ 321 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ለታችኛው ቅልጥም ስብራት ሚስማርና ፕሌትን አወዳድሮ በስድስተኛው ወር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ለእኛ የሚቀርበው ግን ዳሬ ሰላም፣ ሙሂምቢሊ ላይ የተሠራውና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው ነው። ከ200 በላይ የሆኑ፣ ልክ እንደ ወዳጃችን ክፍት ስብራት ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ሚስማር፣ ግማሹ የውጭ ብረት። በዓመቱ ሲቆጠር፣ በሞትና እንደገና ቀዶ ሕክምና በማስፈለግ በኩል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ሚስማሩ የበለጠው፣ አጥንቱ ሳይዛነፍ በመዳኑና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኑሮን በማቅለሉ ነው።

ይሄን ሁሉ ለሐኪሙ ደረደርንለት። ታግሶ ሰማን። ከዚያ ወደ ሁለቱ አልጋዎች ዞሮ ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጥያቄ ጠየቃቸው፦

"ቤትህ ከመኪና መንገድ ስንት ሰዓት ነው? የሚያጥብልህ ማን አለ? መቼ ነው የምትሠራው?"

ወዳጃችን፦ አዲስ አበባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። የሚያጥብ የለም፤ ለብቻ ነው የሚኖረው። ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ፈቃዱ ወር ነው።

ገበሬው፦ ከመንገድ በእግር ሁለት ሰዓት። የሚያጥብ አለ፤ የሰባተኛ ክፍል ሴት ልጁ። ሥራው ቡና ለቀማ፣ ከጥቅምት ጀምሮ።

ሐኪሙ ለሁለቱም ሚስማር ይሻላል አለ። ለዚያ ግን ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር መጻፍ ነበረበት። ሪፈር ወረቀት ነው፤ ነጻ ነው። መኪናው፣ የአስታማሚው ምግብ፣ የማያውቁት ከተማ ውስጥ ማደሪያው ነው ነጻ ያልሆነው። ገበሬው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ "ላስብበት" አለ። ላስብበት ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እኛ ግን አላሰብንበትም። ስልክ ደወልን፣ ከየወዳጁ ለቃቅመን መኪና ተከራየን።

* * *

መጀመሪያ የሄድንበት ሆስፒታል (ስሙ ይቅር) ሲ አርሙ ተበላሽቷል። መለዋወጫው ተጠይቋል ተባልን። "መቼ ይመጣል?" የሚለው ጥያቄያችን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ሦስት ቀን ኮሪደር ላይ አድረን ወደ አዲስ አበባ ቀጠልን።

አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ግን መናገር ያስደስተናል። ለወዳጃችን የገባለት ሚስማር ሲ አርም የማይፈልግ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሉዊስ ዘርክል የሚባል፣ ቬትናም ጦርነት ላይ ያገለገለ አሜሪካዊ ሐኪም አለ። የድሃ አገር ሐኪሞች ዕውቀቱ እያላቸው ዕቃው እንደሚጎድላቸው አየ። በ1999 እ.ኤ.አ. ሳይን የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ሚስማሩ ላይ ከውጭ የሚገጠም መለኪያ ክንድ አለው፤ ክንዱ ላይ ያለው ቀዳዳ አጥንት ውስጥ ካለው ቀዳዳ ጋር ይገጥማል። ሐኪሙ መቅኔውን በእጁ እያዞረ ይሞርዳል፣ ቀዳዳውን በመለኪያውና በእጁ ስሜት ያገኛል። ድርጅቱ ሚስማሩን ለድሃ ታካሚዎች ለሆስፒታሎች በነጻ ይሰጣል። ሐኪሞቹም በፈንታቸው የእያንዳንዱን ታካሚ ራጅ ይልካሉ፤ ስለ ሥራቸው አስተያየት ይሰጣቸዋል። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ እኛም አገር ገብቷል። ሚስማሩ ላይ ያየነው ትልቁ ብልሃት፣ መብራት ሊጠፋ፣ ማሽን ሊበላሽ ይችላል ብሎ አስቀድሞ ማሰቡ ነው። ለእኛ ዓይነቱ አገር ታስቦ የተሠራ ነገር ስናይ ብዙ ጊዜያችን አይደለም።

ከአደጋው 11ኛው ቀን ላይ አንቴናው ወልቆ ሚስማሩ ገባ። በሁለተኛው ቀን ወዳጃችን በክራንች ሽንት ቤት ሄደ። ብሩሜል ከ2 ሜትር በላይ ሲዘልል የዚህን ያህል የተደሰተ አይመስለንም።

* * *

ከገበሬው ጋር ስልክ ተለዋውጠን ነበር። በየሁለት ሳምንቱ እንደዋወላለን። እንዳሰብነው መቱ ቀረ፤ አንቴናውን እንደያዘ ቤቱ ገባ። ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ በጨው አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ አራቱን ቀዳዳዎች ታጥብለታለች። በየቀኑ። ሁለት ቀጠሮ አለፈው፤ አንዴ ዝናብ ነው፣ አንዴ መኪና መሳፈሪያ ነው። አንዱ ዘንግ መግል ያዘ፤ መድኃኒት ተሰጠው። በአራተኛው ወር ብረቱ ወልቆ ጄሶ ታሰረለት። የዚያ ዓመት ቡና የተለቀመው በጎረቤት ደቦ ነው።

ያለፈው ዓመት ወደ ጎሬ ለተዝካር ስንሄድ ያዩ ላይ ወረድን። መንገድ ዳር ድረስ በእግሩ መጥቶ ጠበቀን። እግሩ ትንሽ ወደ ውጭ ዞሯል፤ ጣት የምታህል አጥሯል። ያነክሳል። ቢሆንም ሁለት ሰዓት መንገድ የመጣው በእሱ ነው።

እቤቱ ቡና ተፈላ። ልጁ አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ ነርስ መሆን እንደምትፈልግ ነገረችን። "ሆነሻል እኮ" አላት ወዳጃችን።

በመሃል የሶላት ሰዓት ደረሰ። ገበሬው ምንጣፉን ዘርግቶ ሰገደ፤ ተንበረከከ፣ ተነሣ፣ ተንበረከከ። ወዳጃችን ዓይኑን ከጉልበቱ ላይ አልነቀለም። ሲጨርስ "አያምህም?" አለው።

"ጉልበቴ? ጉልበቴ ምን ሆኖ?"

ወዳጃችን ሚስማሩ በገባበት በኩል መንበርከክ አይችልም። ሐኪሙ "ከሚስማር በኋላ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው" ብሎታል። ሳያነክስ ይሄዳል፣ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ሱሪው ይገባል። የሕማማት ሰሞን ግን ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ያን ቀን ሁለቱ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጠባሳቸውን ሲያወዳድሩ እኛ ቡናችንን እየጠጣን አየናቸው። አንዱ ያነክሳል፣ ይንበረከካል። ሌላው አያነክስም፣ አይንበረከክም።

የትኛው ይሻላል ብለን ሐኪሙን ያፋጠጥንበት ቀን ትዝ አለንና አፈርን። ያን ሳምንት ሁለቱን ሰዎች የለያቸው ከሕክምናው ይልቅ የመኪና ኪራዩ ነበር። ለአንዱ የለቃቀምነውን ለሁለት እናድርገው የሚል ሐሳብ ለአንዳችንም አልመጣልንም። ገበሬው ማዶ አልጋው ላይ ሆኖ እኛ ስልክ ስንደውል ይሰማ ነበር። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሣብንም።

ሁለቱም ግን ሁለት እግር አላቸው። ቁስላቸው ሳይዘገይ ታጥቧል፣ መድኃኒቱ ሳይዘገይ ገብቷል፣ አጥብቆ ያሰራቸው ሰው የለም። ሦስተኛው አልጋ ላይ የነበረውን ልጅ ስናስብ፣ ስለ ፕሌትና ስለ ሚስማር መጨቃጨቅ ራሱ የዕድለኛ ሰው ጨዋታ መሆኑ ይታየናል።

እናንተም መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ (አይግጠማችሁ!) ዓረቄውንና ቅቤውን ተዉት። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፣ እግሩን ላላ አድርጋችሁ ደግፉ፣ ጣቱን እያያችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የታሰረ እግር ሕመሙ ከባሰ "ቻለው" አትበሉ፤ ፍቱት። ሪፈር ሲጻፍላችሁ ደግሞ ማዶ አልጋ ላይ ያለውን ሰው ወረቀቱን የት እንዳስቀመጠው ጠይቁት።

አባባ ወጌሻን ልናመሰግን ጎሬ ላይ ጎራ ብለን ነበር። በሕይወት አሉ። ወዳጃችን እግሩን አሳያቸው፤ ሚስማሩ ከላይ የገባበትን ጠባሳ በጣታቸው ዳበሱት። "ውስጥ ለውስጥ ነው ያወረዱት?" አሉን። አዎ አልናቸው። ብዙ ዝም ብለው፣ "ጥሩ አናጢ ነው" አሉ።

ቸር ይግጠመን።